ሐረግ፣ ሲባጎና አንድ ነጥብ

ከሚዛን ተፈሪ ስልክ የተደወለልኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። ደዋዩ የበዓል አስተባባሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ አለኝ። የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፤ «ከዚህ ወጥተው ትልቅ ቦታ የደረሱ ልጆቻችን» ይጋበዛሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ፤ በዕለቱ «ሒሳብ እንዴት ለዚህ እንዳበቃኝ» ለተማሪዎቹ ንግግር እንዳደርግ ይለምኑኛል። ትልቅ ቦታ የተባለው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም መሆኑ ነው። ሒሳብን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጥዬው ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው የሰው መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ከደራሲው የተሻለ የማውቅ መስዬ ስለ መጽሐፉ በመጻፍ ነው። ይህን ሁሉ ለጸሐፊው አላልኩትም። እመጣለሁ አልኩት። ዓይኔ ያነባ የነበረው በሽንኩርቱ ነው፤ ለትዝታ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

እንዲያውም በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስለ ድሮ ሲጽፉ ያንገሸግሸኛል። ድሮ ሁሉ ነገር ርካሽ፣ ሰው ሁሉ ደግ፣ ዝናቡም በልኩ ነበር ይሉናል። እኔ የማውቀው የሚዛን ዝናብ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ርካሽነቱንስ አልክድም፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ አንድ እጅ ሙዝ በአሥር ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ የተቀቀለ ጎደሬማ ከጎረቤት ቤት በነጻ ነው። ግን አሥር ሳንቲሙ ራሱ አልነበረንም። ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በረንዳው ላይ ሁለት ሲንጀር፣ መሀላቸው ላይ ቴፕ። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እያዛጋ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ያኔ ሰውየው ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ ከከሰል ካውያው አጠገብ ያሞቃቸዋል፤ ዘፋኙም ለሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። እኛ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሱትን የመንግሥት ሠራተኞች እያየን፣ በኮንጎ ጫማችን ውስጥ ውሃው ጭቅ ጭቅ እያለ፣ የዘፈኑን ማለቂያ ሳንሰማ ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ደወሉ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር።

ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ከዓመታት በኋላ ለበዓሉ ሄጄ በዚያ ሳልፍ ባጃጅ ጭቃ ረጨኝ፤ ጭቃው ብቻ እንደ ድሮው ነው። የባጃጁ ልጅ አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ ፋዘር!» አለኝ። የአባትነት ማዕረግ ያገኘሁት በዚያ ቅጽበት ነው። ከተማው አድጓል፤ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ፎቅ አለው። ከተማ ሲያድግ ግን እኛ የምናውቃቸው ማዕዘኖች ናቸው የሚጠፉት፤ ይህን ዕድገት የሚሉት ሰዎች እዚያ ማዕዘን ላይ ቆመው አያውቁም። ትምህርት ቤቱም ታድሷል። እኛ የተማርንበት ክፍል አሁን የዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ በመስኮቱ አሾልቄ ሳይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተደራርበው አየሁ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ያስተማረን መምህር ወንድራድ ነበር። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ በሙቀቱም በዝናቡም ቡናማ ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳችን ጥቁር መሆኑን ትቶ ነበር። ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ አሳብጦትና ልጦት ጠመኔ አይዝም፤ ጠመኔው ራሱ እርጥብ ነው፤ ለዚያውም ለአንድ አስተማሪ በሳምንት ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የሚታደለው። የፖሊኖሚያል ኢንኢኳሊቲ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መምህር ወንድራድ ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ሰሌዳው ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ላይ በእኩል ርቀት ቋጠሮዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ቁጥር ነው። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጫካ የተቆረጠ ሐረግ አንሥቶ እያጣመመ በሚስማሮች ላይ አሳረፈው፤ ሐረጉ ሲባጎውን እዚህ አቋርጦ ወጣ፣ እዚያ አቋርጦ ወረደ። ያ ግራፉ ነበር።

«ሲባጎው ውሃ ነው» አለን። «ሐረጉ መንገድ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። ጥያቄው ከዜሮ የሚበልጠው የት ነው ካላችሁ፣ እግራችሁ የሚደርቀው የት የት ነው ማለቱ ነው። ከዜሮ የሚያንሰው ካለ፣ የምትሰምጡበትን ነው የጠየቃችሁ። እኩልም ይሆናል ካለ ደግሞ፣ ልክ የውሃው ገጽ ላይ ብትሆኑም ይቆጠርላችኋል።»

ስለ እርጥብ እግር ለሚዛን ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ስለ ኩርባና ስለ አክሲስ አላወራም፤ «እዚህ ጋ ደረቅ፣ እዚያ ጋ እርጥብ» ነው ቋንቋችን። በዓይኑ መንገዱን የተከተለ ሁሉ ይመልሳል። ዓይኑ የሰነፈ ይሳሳታል።

ሐረግ ሁሉ ግን ግራፍ አይሆንም። የደረቀው ሲያጣምሙት ይሰበራል፤ የለመለመው ተስፈንጥሮ ፊት ይመታል። የሚሆነውን መርጦ የሚያመጣው ማርቆስ ነበር። ማርቆስ ከሩቋ የቱም ከተማ ነው የመጣው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በቡና ጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚመላለስ፣ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ። አማርኛን የተማረው እዚያው ሚዛን ስለሆነ ቃሉን መርጦ፣ ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እኛ የከተማ ልጆች ዝግታውን ድንቁርና እናስመስለው ነበር። አንድ ቀን ራሱ ያጣመመው ሐረግ ከሲባጎው በታች መጥቶ፣ አንዷን ቋጠሮ ነክቶ፣ ሳያቋርጥ ተመልሶ ወረደ።

«በዚህ መንገድ የሚሄደው ሰውዬ ምን ሆነ?» አለ መምህር ወንድራድ።

«ሰመጠ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ቋጠሮዋ ጋስ?»

ማርቆስ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ፣ «እዚያ ጋ ለመተንፈስ ብቅ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ገባ» አለ። መምህር ወንድራድ ካፖርቱን ሰብስቦ በሣቅ ፈረሰ። እንደዚያ ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስቆ ሲጨርስ ግን ሁለት ጊዜ እንድንጽፈው አደረገን፦ ግራፉ ነክቶ ከተመለሰ ምልክቱ አይለወጥም፤ ነጥቧ ግን፣ እኩል ይሆናል ከተባለ፣ ብቻዋን መልስ ናት።

እኔ ያን ጊዜ ብልጥ ነበርኩ። ብልጥ መሆን ማለት መምህሩ የሚለውን ሳይሆን ሌላ ነገር ማለት ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም በዚያው እንጀራዬን እየበላሁ ነው። ጅማ የሚማረው ታላቅ ወንድሜ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ ልኮልኝ ነበር። ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ላይ አቋራጭ መንገድ ይላል፦ ዜሮ የሚያደርጉትን ቁጥሮች አውጣ፤ በተራ ደርድር፤ ከቀኝ ጀምረህ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ እያልክ ወደ ግራ ሂድ። አለቀ። ግራፍ የለ፣ ሐረግ የለ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ይኖረው እንደሆነ አላውቅም፤ የሚቀጥለው ገጽ ተቀዷል። በእረፍት ሰዓት ለክፍሉ ሁሉ ሰበክሁት። «ሒሳብ በገመድ ይሠራል? ፍየል ነው እንዴ የምናስረው?» እያልኩ። ልጆቹ ሳቁ፤ ፈጣኑን መንገድ ወደዱት፤ ስሜም «ፕላስ ማይነስ» ሆነ። መምህር ወንድራድ ሰምቶ ጠራኝ።

«ዘሪሁን፣ ሄደህ አይተኸዋል፣ ወይስ ነግረውህ ነው?» አለኝ።

«መጽሐፍ ላይ አለ፣ ቲቸር።»

«መጽሐፉ ሄዶ አይቶታል?»

ብልጥ ልጅ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ፈገግ አልኩ። ማርቆስ ብቻ ከሐረጉ ጋር ቀረ። ፈተና ላይ እንኳን ከጥያቄው ጎን መስመር ያሰምርና ኩርባውን ዝግ ብሎ ይስላል፤ እኛ ጨርሰን ስንወጣ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። መልሱ ግን ልክ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ወሬ መጣ። ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካል፤ ምግቡ፣ መኝታው፣ መጽሐፉ የተቻለ። መመረጫው የሒሳብ ፈተና ነው። ያን ወሬ የሰማሁበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የአባቴ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ዝናቡን እያየሁ ነበር። አባቴ ከኋላዬ ጨው ይሰፍራል። የእኔም ዕድሜ እንደዚሁ ጨው ስሰፍር፣ ዝናብ ሳይ ሊያልቅ ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ በዚያች ቀን ፍርሃቱ በር አገኘ። ማርቆስም እንደኔ ሳይፈልገው አልቀረም፤ ጠይቄው ግን አላውቅም። የሰው ምኞት መጠየቅ በዚያ ዕድሜ አይመጣም።

ፈተናው በተሰጠበት ሳምንት መምህር ወንድራድ በወባ ተኝቶ ነበር። ጥያቄውም መልሱም በታሸገ ፖስታ ከላይ መጣ፤ ከየትኛው ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያረመው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ የታሪክ ሰው ስለነበረ የፊደል ምርጫችንን ከመልስ መስጫው ጋር ከማስተያየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሃያ ጥያቄ ነበር። የመጨረሻው ይኸው፦ (x − 1)²(x − 4) ≥ 0። እኔ በአቋራጬ ሄድኩ። ዜሮ የሚያደርጉት አንድና አራት ናቸው። ከአራት በቀኝ ፕላስ፣ ከአንድ እስከ አራት ማይነስ፣ ከአንድ በግራ ፕላስ። ስለዚህ መልሱ ከአንድ ወደ ግራ ያለው በሙሉ፣ ከአራት ወደ ቀኝ ያለው በሙሉ። የእኔ ምርጫ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አከበብኩት፤ አንደኛ ወጣሁ። ማርቆስ ያከበበው ከአራት ወደ ቀኝ ያለውንና አንድን ብቻ ነበር። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እኔ ሃያ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ለእኔ ካስጨበጨበልኝ በኋላ፣ ጎበዝ ልጅ እንኳን ሐረግ ሲጎትት ምን እንደሚደርስበት ለሌላው ትምህርት ይሁን አለ። ሁሉም ሳቀ። ማርቆስ እንኳን ትንሽ ሳቅ አለ።

በማግሥቱ ማርቆስ ወረቀቱን ይዞ ቤታችን መጣ። ዝናቡ እንዳያርስበት ወረቀቱን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎት ነበር። በአባቴ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ፈትቶ ዘረጋው።

«ዘሪሁን፣ የት እንደተሳሳትኩ አሳየኝ» አለኝ። «ሌሊቱን አየሁት። አልታየኝም።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ከጥያቄው ጎን ያ ኩርባ አለ፤ ከመስመሩ በታች ይመጣል፣ አንድ ላይ ይነካል፣ ይመለሳል፣ አራት ላይ አቋርጦ ይወጣል። ከነካበት ጋ ትንሽ ነጥብ ተቀምጣለች። ሳላስበው ዜሮን በልቤ አስገባሁ። ዜሮ ከአንድ በግራ ነው፤ እንደ እኔ መልስ ከሆነ ፕላስ መሆን አለበት። አንድ ያለበት ቅንፍ በራሱ ተባዝቶ አንድ፤ ያኛው ማይነስ አራት። ማይነስ አራት! ለሦስት ሰከንድ የማይሞላ ሒሳብ ነው። ማርቆስ ልክ ነበር። እኔ ስህተት ነበርኩ፤ የመልስ መስጫው ስህተት ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም ስህተት ነበር። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ወረቀቱን የያዝኩት እኔ።

«እዚህ ጋ ነው» አልኩት፣ ጣቴን ነጥቧ ላይ አድርጌ።

«እዚያ ጋ ለመተንፈስ ይወጣና ይመለሳል ብዬ ነው።»

«ማን ነገረህ እንደሚመለስ? ዜሮ ላይ ሲደርስ ምልክት ይቀየራል። ሕግ ነው። አንተ የሌለ ነገር አይተህ ነው የሳልከው።»

«የሌለ ነገር?»

«ዓይንህ አታለለህ፣ ማርቆስ። ሐረግ ስትነካካ ለምደህ ሁሉም የሚታጠፍ ይመስልሃል።»

ኩርባውን ለረጅም ጊዜ አየው። እኔ ደግሞ እሱን አየሁት፤ ዜሮን አስገባለሁ ይላል ብዬ ፈራሁ። ከማንም በላይ ያደርገው የነበረ ልጅ ነው። አላደረገውም። ወረቀቱን በሙዝ ቅጠሉ መልሶ ጠቀለለና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ በዝናቡ ሄደ። ማመስገኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም። መምህር ወንድራድ ከወባው ሲነሣ ዝውውሩ ደርሶት ነበር፤ ወረቀቶቹን አላየም፤ ወደ አገሩ ሄደ፣ እዚያው መሞቱን ሰማሁ። እኔም አዲስ አበባ ገባሁ። ስለ አዳሪው ትምህርት ቤት የምናገረው ብዙ የለኝም፤ አልጋው ጥሩ ነበር። ሒሳብ ሳጠና ግን የሆነ ነገር ይይዘኝ ነበር። ግራፍ በሳልኩ ቁጥር እጄ ዜሮ መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥዬው ስወጣ ለሰዎች የነገርኳቸው ምክንያት ሒሳብ ሕይወት የለውም የሚል ነበር። ብዙ ሰው አድንቆልኛል። ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ተሸጋገርን፤ ሰንደቁ ላይ የሚነበበው ተለዋወጠ፤ እኔም ስለ እውነት የሚያወሩ መጣጥፎች ጻፍኩ፤ አንዱ እንዲያውም ተወዶ ነበር።

በበዓሉ ላይ ያው ንግግሩን አደረግሁ። ቲሸርትና ኮፍያ አልብሰውኝ፣ ድምፅ ማጉያው እያፏጨ፣ ስለ መምህር ወንድራድ ካፖርት፣ ስለ ሲባጎው፣ ስለ ሐረጉ ተረክሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ የወረዳ ባለሥልጣን አጨበጨበ። ማርቆስን አላነሣሁም። ስወርድ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ።

«ፕላስ ማይነስ! ሸበትክ እንዴ? አዲስ አበባ የፀጉር ቀለም ጠፋ?»

አስናቀች ናት፤ ከፊት ወንበር ትቀመጥ የነበረች፣ አሁን ሚዛን ገበያ የልብስ ሱቅ ያላት። አንቺም አልቀነስሽም አልኳት። «ምን ልቀንስ? አገሩ ሙዝ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሰብስባ፣ «ማርቆስን ረሳኸው አይደል? ሐረጉን የሚያመጣው እሱ አልነበር?»

«አልረሳሁትም። ጊዜ አጠረኝ።»

«ሃያ ደቂቃ ሙሉ አውርተህ?»

የት እንዳለ ጠየቅኋት። ቴፒ ገበያ ቅመም ይሸጣል አለችኝ። የመንግሥት ቡና ልማት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ወጥቶ፣ የራሱን ጀመረ። እዚህ እንዲመጣ ማንም አልጋበዘውም፤ ዝርዝሩ የተሠራው ትልቅ ቦታ ከደረሱት ነው።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ቴፒ ወረድኩ። መንገዱ ዳር በሸራ ላይ ቀይ ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ሰማዩ ግን ሊዘንብ አስቧል፤ ሴቶች ሸራውን ለመጠቅለል ይሮጣሉ። ለእሱ የምለውን በልቤ አዘጋጀሁ፤ አሳመርኩት፤ ማሳመሬ ራሱ አስጠላኝና ተውኩት። ገበያው ውስጥ አገኘሁት። ጠጉሩ ነጭ ነው፤ ትከሻው ግን እንዳለ ነው። በፊቱ የኮረሪማ፣ የእርድ፣ የዝንጅብልና የቁንዶ በርበሬ ክምር አለ። አጠገቡ ልጁ ትዕግሥት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት፣ ለደንበኛ ትመዝናለች። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ፤ ተነሥቶ ትከሻ ለትከሻ ሳመኝ። ወንበር አቀረበልኝ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ።

«ማርቆስ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ትዝ ትልሃለች?»

«የትኛዋ?» አለ፤ እጁ ግን ኮረሪማው ላይ ቆመ።

«ልክ ነበርክ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መልስ መስጫውም ስህተት ነበር።»

«ይሄን መቼ ነው ያወቅኸው?»

መዋሸት እችል ነበር። በቅርቡ፣ አንድ መጽሐፍ ሳነብ፣ ማለት እችል ነበር። «ወረቀቱን ይዘህ የመጣህ ቀን» አልኩት። «ስታሳየኝ።»

አልጮኸም። ቢጮህ እመርጥ ነበር። ኮረሪማውን አንድ በአንድ ክምሩ ላይ መለሰ። «ያን ቀን?» አለ። «ሱቁ ውስጥ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ቦታው ቀርቶብኝ አልነበረም ትምህርቱን የተውኩት» አለ ዝግ ብሎ፤ አማርኛው አሁንም የተመረጠ ነው። «ሌላ ዓመት፣ ሌላ ፈተና ይመጣል። ዓይኔ የሌለ ነገር ያያል አልከኝ፤ አመንኩህ። ቡና ልማቱ ውስጥ ጆንያ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ አቆሙኝ። ቁጥሩን አያለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ጠርቼ አንብብልኝ እላለሁ። ማንበብ የማልችል ነው የመሰላቸው። እስከ ዛሬም እሷ ናት የምታነብልኝ።» በአገጩ ወደ ልጁ ጠቆመ። «እሷም ሒሳብ ትወድ ነበር። በደማችን የለም፣ ተዪው አልኳት። ተወችው።» ከዚያ፣ «ለሷ ንገራት። ለእኔ ነገርከኝ፤ ለሷ ንገራት» አለኝ።

ነገርኳት። ሐረጉን፣ አቋራጩን፣ ፈተናውን፣ ሱቁን። ለሺህ ተማሪ በድምፅ ማጉያ ካወራሁት ይልቅ ይህ ከበደኝ። መመዘኛውን እንደያዘች ሰማችኝ። «አባዬ፣ ልክ ነበርክ እንዴ?» አለችው። ወደ እኔ ዞረች።

«እና ጋሼ፣ ዛሬ ለምን መጡ?»

«ማወቅ አለበት ብዬ ነው።»

«ያኔም ማወቅ ነበረበት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እንዲቀልልዎት ነው የመጡት። ቀለለዎት?»

እንዳልቀለለኝ ብነግራት እንኳ ለማን ምን ይረባዋል? ለሁሉም ነገር ተቃራኒ መልስ ያለኝ ሰው፣ ቴፒ ገበያ መሀል ለአንዲት ቅመም ሻጭ የምመልሰው አጣሁ።

ማርቆስ ከመጠቅለያው ክምር አንድ ባዶ ወረቀት ሳበና እስክሪብቶ ከኪሴ ላይ ወሰደ፤ አልጠየቀኝም። ጥያቄዋን ሙሉዋን ጻፋት፤ አንድ ቁጥር አልረሳም። መስመር አሰመረ። ከዚያ ከታች ጀምሮ፣ እንደ ጥንቱ ዝግ ብሎ፣ ኩርባውን ይስል ጀመር። አንድ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ነጥቧን አስቀመጠ። ወረደ። አራት ላይ አቋርጦ ወጣ። ከዚያ ጥጉ ላይ በትንሹ ዜሮን አስገብቶ አሰላ፦ ማይነስ አራት። ሌላ ሰው አልጠራም። ወረቀቱን ትዕግሥት ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ኩርባውን ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለችው፤ ነጥቧ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆየ።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር፤ ከዚህ በኋላ መደበቁ ዋጋ የለውም። ያቺን ወረቀት ስጠኝ ልለው ነበር። ቤቴ ወስጄ፣ ምናልባት መስታወት አስገብቼ፣ ምናልባት ጽፌበት... አፌን ስከፍት አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ መጣችና «ማርቆስዬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥሩውን፣ ለሠርግ ነው» አለችው።

ማርቆስ ወረቀቱን ከልጁ ጭን ላይ አነሣ። አየው፤ ብዙም አልቆየ። እንደ ቀንድ ጠቀለለው፤ ኩርባው ከውስጥ ሆነ።

«ማርቆስ» አልኩት፣ «ሌላ ወረቀት እኮ አለ።»

«አዎ፣ አለ» አለና ቁንዶ በርበሬውን አፈሰሰበት።